የቤት መኪናዋ ጧፍ

የውሃ ማሞቂያ መጠገን አልችልም። አለመቻሌን ለማመን ግን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ያን ሁሉ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ደጅ ላይ ይጠብቁኝ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በጋዜጠኝነት አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። በዝግጅት ክፍላችን የምታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሦስት ሰው ሳልጠይቅ አንድ መስመር አልጽፍም። ባልደረቦቼ፣ «እሱ ዝናብ እየደበደበውም ሦስት ሰው ዘነበ ካላለው ጃንጥላ አይዘረጋም» ይሉኝ ነበር። እኔ እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው የሚያክም አንድ የዓይን ሐኪም ተከትዬ እንድዘግብ ታዘዝኩ። ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቃል የሚቆጥብ ጎልማሳ ነበር። የሚሠራው መኪና ውስጥ ነው። መኪናዋ ከባሕር ማዶ በስጦታ የመጣች ስትሆን፣ መጀመሪያ የተሠራችው ባለጸጋ ቤተሰብ ለሽርሽር እንዲዞርባት ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ የእጅ መታጠቢያና አበባ የተሣለበት መጋረጃ ነበራት። ሐኪሙ አልጋውን አስነቅሎ የቀዶ ጥገና ጠረጴዛ አስገባባት። መጋረጃው ሰው ያረጋጋል ብሎ ተወው። የአገሩ ሰው «ቤት መኪና» አላት፤ እኛም ያንኑ ስም ያዝንላት።

በዚያ አገር ብዙ ሰው የሚያሠቃየው የሽፋሽፍት መቀልበስ ነው። የዓይን ቆብ በቆየ ሕመም ይጨማደድና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይዞራል። ሰውየው ዓይኑን በከደነ ቁጥር የገዛ ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቀዋል። ሰዉ በወረንጦ እየነቀለ ይኖራል፤ የተነቀለው ግን ጠንክሮ ይመለሳል። ሐኪሙ ቆቡን ሰንጥቆ ወደ ውጭ ይመልሰውና ይሰፋዋል። ሙቅ ንጹሕ ውሃ ካለው ለአንድ ዓይን ግማሽ ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያዎቹን በአልኮል ይነክራቸዋል፤ እጁንና የበሽተኛውን ፊት የሚያጥበው ግን በመኪናዋ ታንክ ውስጥ በሞቀ ውሃ ብቻ ነው። ገና መንገድ ላይ ሳለን፣ «በድስት ቢፈላስ?» ብዬ ጠይቄው ነበር።

«አንድ ጊዜ በድስት በፈላ ውሃ ታጥቤ ሠርቼ፣ ዓይኑ መግል ይዞ ጠፍቶብኛል» አለኝ።

ጥፋቱ የድስቱ ስለ መሆኑ ምን ማስረጃ እንዳለው ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ምላጩን የሚይዘው እሱ ነው።

ንፋስ መውጫ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነበር። ሾፌሩ ቤት መኪናዋን ከትምህርት ቤቱ የድንጋይ ካብ ጥግ አስጠግቶ አቆማት። ያን ምሽት ሁላችንም ፊታችንን በሙቅ ውሃ ታጥበን ተኛን። ሦስት ቀን ልንሠራ፣ በአራተኛው ቀን እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ለተቀጠረው ሰው ልንገሠግሥ ነበር ዕቅዱ።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግሁት ፎቶግራፍ ማንሳት ነው። መኪናዋ በካቡ ጥላ ውስጥ ስለ ነበረች ሾፌሩን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ ትንሽ እንዲያዞራት ለመንኩት፤ አዞራት፤ አነሣሁ። ወዲያው ሐኪሙ ሊታጠብ ቧንቧውን ቢከፍት፣ ውሃው በረዶ ሆኖ ወረደ።

ማሞቂያዋ በመኪናዋ ጎን፣ ከብረት ወንፊት ጀርባ የተቀመጠች ታንክ ናት። ከሥርዋ ሁለት እሳት አለ። አንደኛዋ ሁልጊዜ የምትነድ፣ ጣት የምታህል ነበልባል ናት፤ ሾፌሩ «ጧፏ» ይላታል። ሁለተኛው ከእሷ የሚለኮስ ትልቁ እሳት ነው። ጧፏ ከጠፋች ጋዙ ራሱን በራሱ ይዘጋል፤ ትልቁም አይነድም። ያን ጠዋት ጧፏ ጠፍታ ነበር። ሾፌሩ ለኮሳት፤ ጠፋች። ደግሞ ለኮሳት፤ ደግማ ጠፋች።

ሐኪሙ በሽተኞቹን ማየት ነበረበት። ሾፌሩ ሞተር ያውቃል እንጂ ማሞቂያ አያውቅም። ስለዚህ፣ ማንም ሳይጠራኝ፣ «እኔ ላጣራው» አልኩ። ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ፤ ከገጹ አናት ላይ እንደ ልማዴ የቦታውን ስም ጻፍኩ፦ ንፋስ መውጫ። ከሥሩ አሰመርኩ። ከዚያ ሾፌሩን መጠየቅ ጀመርኩ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ «ጋዜጣው» ይለኛል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ስትነድ ያዩዋት መቼ ነው?»

«ትናንት ማታ። አንተም ፊትህን ታጥበህባታል።»

«ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ነጋ» አለኝ።

እሱንም ጻፍኩት።

መኪናዋ የአጠቃቀም መጽሐፍ ነበራት። ቋንቋው ግን ሐኪሙም የማያውቀው የፈረንጅ ቋንቋ ነው። የምንረዳው ሥዕሉን ብቻ ነበር። አንድ ሰውዬ ጣቱን ወደ ማሞቂያዋ ቀስሮ ይስቃል፤ ሚስቱም ትስቃለች። ምን እንደሚያስቃቸው ልናውቅ አልቻልንም።

የጋዙን ሲሊንደር አነሣሁት። ቀለለኝ። ከዚያ በፊት የጋዝ ሲሊንደር አንስቼ ስለማላውቅ፣ ከምን ጋር አመዛዝኜ እንደ ቀለለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ጋዙ አልቋል» አልኩ።

«ገና ደብረ ታቦር የቀየርኳት እኮ ናት» አለ ሾፌሩ።

«ታፈስ ይሆናላ።»

አንድ የንግድ መኪና ወደ ደብረ ታቦር ሊወርድ ሞተር አስነሥቶ ነበር። ሮጥኩና ደብረ ታቦር ዕቃችንን ለሚጠብቅልን ሰው ብጣሽ ወረቀት ላክሁ፦ «ጋዝ አልቋል። በአስቸኳይ ይላክልን።» አንድ ትርፍ ቃል የለውም። ማጠሩ ራሱ ደስ አለኝ።

ከበሽተኞቹ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ የተቀመጡት የኔታ ናቸው። ሰዉ ሁሉ የኔታ ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ አልኳቸው። ቁም ጸሐፊ ናቸው፤ ከስማዳ፣ ከወገዳ ወዲያ ካለ ደብር ከገበያተኛ ጋር ሁለት ቀን በእግር ተጉዘው መጡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ቀልተው ያነባሉ። ጀርባቸውን ወደ ምሥራቅ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይቀመጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ለደብራቸው አንድ መጽሐፍ በብራና መጻፍ ጀምረው ግማሹ ላይ ቆሙ።

«ግማሽ መጽሐፍ ለደብሩ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ። «ግማሽ ድልድይ ማለት እኮ ነው።»

«ሌላ ጸሐፊ አይጨርሰውም?»

«ይጨርሰው ነበር። የእሱ እጅ ከእኔ እጅ አይገጥምማ። ያነበበ ሁሉ እዚህ ላይ ሞተ ይላል።»

ያን ቀን ማንም አልታከመም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አዲስ ሐሳብ ይዤ ተነሣሁ። እሳቱ የሚወጣበት ቱቦ ቢደፈንስ? ወንፊቱን ፈታሁ፤ በቱቦው ውስጥ አጮልቄ አየሁ። እውነትም ሸረሪት አድርቶበታል። የደስታዬን ነገር ልነግራችሁ አልችልም። የጣቴ ጫፍ ስላልገባልኝ ወደ የኔታ ሄድኩ፤ ወረንጦአቸው ባንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«የኔታ፣ ወረንጦዎን ያውሱኝ።»

«ምነው፣ ሐኪሙ ተወውና አንተ ልትነቅልልኝ ነው?»

ተሰብስቦ የነበረው ሰው ሳቀ። ወረንጦውን ግን ሰጡኝ። ድሩን በሙሉ ጎትቼ አወጣሁት፤ ለሰዉ ሁሉ አሳየሁ። ከዚያ ቁልፉን ተጭኜ ክብሪት ጫርኩ። ትንሽ ፈጥኜ መጫር ነበረብኝ መሰለኝ፤ የተጠራቀመው ጋዝ አንዴ «ቡፍ!» ብሎ ፊቴ ላይ ተነሣ። ወደ ኋላዬ ተቀመጥኩ። ቀኝ ቅንድቤ የለም።

«የምን ጠጉር ነው የሸተተኝ?» አሉ የኔታ ከተከናነቡበት።

«የጋዜጣው ቅንድብ ነው፣ የኔታ» አለ ሾፌሩ።

«እሱም ለዓይኑ ነው የመጣ?»

«ለእናንተ ነው የመጣ። በራሱ ጀመረ።»

ይሁን እንጂ ጧፏ ነደደች። ትልቁም ተለኮሰ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ከወንፊቱ ፊት ተንበርክኬ፣ አንገቴን ሰበር አድርጌ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ከዚያ እጄን ልታጠብ ብድግ ስል ጧፏ ጠፋች።

ተንበርክኬ ለኮስኳት፤ ነደደች። ተነሣሁ፤ ጠፋች። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከፊቷ ስንበረከክ ትነዳለች፤ ስነሣ ትጠፋለች። በደብተሬ ላይ፣ «ሰው ሲቀርባት ትነዳለች፤ ሲርቃት ትጠፋለች። ምክንያቱ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩ። ሾፌሩ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና፣ «ሕፃን ናት እኮ፣ ሰው ትወዳለች» አለ። ሌላ የተሻለ አስተያየት ስላልነበረኝ ግማሹን ቀን ተንበርክኬ ዋልኩ። ውሃው ለብ ይልልኛል፤ ጉልበቴን ሲያመኝ እነሣለሁ፤ መልሶ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ በመስኮቱ ብቅ ብሎ አየኝ። መጋረጃውን መልሶ ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ የንግዱ መኪና ተመለሰ። ረዳቱ ሁለት ቆርቆሮ አውርዶ እግሬ ሥር አስቀመጠልኝ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ላምባ ነው። አብሮ የመጣው ወረቀት፣ «እንደ ጠየቃችሁት ጋዝ ልከናል። ፋኖስም ከጎደላችሁ አስታውቁን» ይላል።

ሾፌሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጨርሶም እንደገና አነበበው። በሰውየው ልፈርድበት አልቻልኩም። በዚያን ጊዜ ጋዝ ሲባል ለማንም ሰው ፋኖስ የሚሞላበት ላምባ ነው። የሲሊንደር ጋዝ በአገሩ ያየ ሰው ቢኖር እኛ ነን። «የሲሊንደር» የምትለዋን አንዲት ቃል ያስቀረኋት ጽሑፌ እንዲያጥር ብዬ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ ጀማሪዎችን፣ «ቃሉን ለአንባቢው ጻፉት እንጂ ለራሳችሁ አትጻፉት» እያልኩ ሳስተምር ኖሬያለሁ።

ለነገሩ የሲሊንደር ጋዝ ቢመጣም አይጠቅመንም ነበር። ሾፌሩ የእኛውን ሲሊንደር አምጥቶ ከፊቴ ነቀነቀው፤ ውስጡ እንደ ሙሉ ቅል ተንቦጫቦጨ።

«አንድ ቀን ቀረን» አለ ሐኪሙ ያን ማታ። ለማን እንዳለው ግልጽ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሄጄ ተንበረከክሁ። የኔታ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ከጎኔ ቆሙ።

«ልጄ፣ ሦስት ቀን አብሬህ ተቀመጥኩ። አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ይጠይቁኝ።»

«ይህ ከተማ ስሙ ማን ይባላል?»

የት እንዳሉ የጠፋቸው መሰለኝና አዘንኩላቸው። «ንፋስ መውጫ ነው፣ የኔታ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የነፋስ...» ብዬ ቆምኩ።

«በል እንጂ፣ ጨርሰው።»

«የነፋስ መውጫ ማለት ነው።»

«ጎሽ። ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

በምሥራቅ በኩል ነበር። ከመጣንበት ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም ከምሥራቅ ይነፍስ ነበር። የማሞቂያዋ ወንፊት ፊት ለፊት ወደ ምሥራቅ አፉን ከፍቶ ቆሟል። እኔ ስንበረከክ ነፋሱን የጋረድኩላት በጀርባዬ ነው። ሕፃን ሆና ሰው ወድዳ አይደለም።

«እኛ አገር» አሉ የኔታ፣ «ሞኝ እንኳ የቤቱን በር ወደ ነፋስ አይከፍትም። ጧፍ ያበራ ሰውማ እጁን ይጋርድባታል።»

ደብተሬን ገለጥኩ። በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ ንፋስ መውጫ፣ ንፋስ መውጫ፣ ንፋስ መውጫ ይላል፤ ከሥሩም ተሰምሮበታል። ይባስ ብሎ በመጀመሪያው ቀን ገጽ ላይ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «አውድማው ላይ ገበሬዎች ገብስ ያዘራሉ፤ ገለባው እየበረረ ወደ ምዕራብ ይሄዳል።» ዓረፍተ ነገሩን ስጽፈው አምሮልኝ ነበር።

«ስንመጣ ግን ነድዳ ነበር እኮ» አልኩ፤ አሁንም የምከራከርበት አልጠፋኝም።

ሾፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ አንገቱን አወጣ። «ስንመጣ ወንፊቷ ወደ ካቡ ነበራ። በማግስቱ ለፎቶግራፍ አዙርልኝ ያልከኝ ማን ነው?»

«ታዲያ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ስልዎት ለምን አልነገሩኝም?»

«አንተው አዝዘኸኝ፣ አንተኑ ልንገርህ? ሰው ያዘዘውን ይረሳል እንዴ!»

ሾፌሩን ጠይቄያለሁ። ሐኪሙንም፣ በሽተኞቹንም፣ የትምህርት ቤቱን ዘበኛም ጠይቄያለሁ። ያልጠየቅሁት አንድ ምስክር ብቻ ነበር፤ እሱም ደብተሩን ይዞ የሚዞረው ሰውዬ ነው።

መኪናዋን አዞርናት። ወንፊቷ ካቡን አየ። ጧፏ ባንድ ክብሪት ነደደች፤ እኔም ተነሥቼ፣ ራቅ ብዬ፣ ከዚያም የበለጠ ርቄ አየኋት። አልጠፋችም። ጥቂት ቆይቶ ቧንቧው እንፋሎት አወጣ።

ሐኪሙ እጁን እያሸ ከደጃፉ ላይ ቆመና ለሰልፉ ተናገረ። «የሦስት ቀን ሥራ ነበረኝ፤ የቀረኝ አንድ ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ዓይን እሠራለሁ። ሁለተኛው ለከርሞ።»

ለየኔታ የተሻለውን፣ ቀኙን መረጠላቸው። ግራው ጠባሳ ጀምሮታል፤ ለከርሞ ቢቆይ ግን ይተርፍ እንደሆነ እንጃ አላቸው። ጸሐፊ ሰው ናቸውና እውነቱን አልደበቃቸውም። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከበሩ ጎን ቆሜ ሰማሁ። ያች ግራ ዓይን ለከርሞ የተላለፈችው በእኔ ምክንያት ነው፤ ለዚህ ሦስት ሰው መጠየቅ አያስፈልግም።

ቀኙ ተሠርቶ፣ ታሽጎላቸው፣ ካቡ ሥር ተቀምጠው ሳለ ሄድኩ።

«የኔታ፣ መኪናዋን ያስዞርኳት እኔ ነኝ።»

«ሰምቻለሁ። ለምን ነበር?»

«ፎቶግራፍ ላነሣ።»

«ታዲያ አምሮ ወጣ?»

«ገና አላየሁትም። ፊልሙ አልታጠበም።»

«እኔም ሁለት ቀን ሙሉ አልታጠብኩም» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሳቸው የታሸገውን ዓይናቸውን ይዘው በጥንቃቄ ሳቁ።

«ንስሐ ይስጡኝ።»

«የነፍስ አባትህ አይደለሁ። ይልቅ መቀመጫህን ስጠኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከፊት ሦስት መቀመጫ ነበር፤ የሾፌሩ፣ የሐኪሙና የእኔ። ከኋላ በጉዞ ጊዜ ሰው አይቀመጥም፤ ሐኪሙ በጥብቅ ከልክሏል። ሐኪሙ እስቴ ላይ ግራውንም የሚሠራበት ጊዜ ነበረው፤ የኔታ እስቴ ድረስ በቅሎ ተከራይተው ወይም በእግራቸው እንዳይሄዱ ደግሞ ገና ዛሬ የተሠራ ዓይን ይዘዋል።

ሐኪሙን ስጠይቀው በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለልኝ። «አንተስ?»

«እደርሳለሁ» አልኩ።

እነሱ በመኪና መንገድ በደብረ ታቦር ዞሩ። እኔ ገብስ ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር፣ ጉናን በስተደቡብ ታክኮ በሚያልፈው የበቅሎ መንገድ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ነጋዴዎቹ ቅንድቤን እያዩ ምን እንደ ነካኝ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ያገኙትን ሁሉ እያቆሙ፣ «ና፣ ለዚህም ንገረው» ይሉኝ ነበር። በተራራው መሸጋገሪያ ላይ ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም። እዚያ ላይ የዘገባዬን መግቢያ በልቤ አዘጋጀሁ፤ ጋዜጣው ላይም እንዳዘጋጀሁት ወጣ፦ «በቴክኒክ ችግር ምክንያት ሥራው ለሁለት ቀናት ተስተጓጉሎ ነበር።» ቴክኒኩ እኔ ነበርኩ።

መካነ ኢየሱስ ስደርስ እያነከስኩ ነበር። የግራው ዓይን ባለፈው ቀን ተሠርቷል። ጋዜጠኛው በሌለበት ስለ ተሠራ እንዴት እንደ ነበር ሾፌሩን ጠይቄ ነው የጻፍኩት። የኔታ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ በማይነካው ጥግ ተቀምጠዋል። ግራቸው ታሽጓል፤ ቀኙ ግን ተፈትቶ ክፍት ነው። ያበጠ ነው፣ የስፌት ክር ይታያል፤ እንባ ግን የለውም። ያ ዓይን ሳያነባ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ማነህ?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «አሃ፣ ባለ አንድ ቅንድቡ» አሉ። ከዚያ በፊት ፊቴን አይተውት አያውቁም ነበር።

«ያን ስትጭርበት የምትውለውን አምጣ እስቲ» አሉኝ።

ደብተሬን ሰጠኋቸው። ጽሕፈቴ ደቃቅ ነው፤ አለቃዬ ራሱ መነጽር አድርጎ ነው የሚያነበው። የኔታ ደብተሩን ወደ ፊታቸው አቀረቡት፤ አራቁት፤ መልሰው አቀረቡት። ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ጫማዬን ፈታሁ።

«እዚህ ላይ» አሉ በመጨረሻ፤ ጥፍራቸውን ከአንድ ቃል ሥር አሳርፈው፣ «ሐኪም የሚለውን በሃሌታው ሀ ጽፈኸዋል። በሐመሩ ሐ ነው።»

እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ከጣታቸው መካከል አስገብተው እንደ መጥፎ ቢላዋ አገላበጡት፤ «ይህስ ይጭራል እንጂ አይጽፍም» አሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው ሀዋን ሰርዘው ከላይዋ ሐ ጻፉባት። ቀና አላሉም። ወደሚቀጥለው መስመር ወረዱ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

በዚያ ገጽ ላይ «ሀኪም» ያልኩት ስድስት ጊዜ ነበር። ስድስቱንም አገኟቸው።